የድሮ የቴሌቪዥን ማስታወቂያዎችና ካርቱኖቻቸው፦ ጎንደር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ውስጥ የቆዩ የቪዲዮ ካሴቶችን ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ከጀመርኩ ጥቂት ዓመታት ሆነኝ። ሰው ካሴቱን ይዞ የሚመጣው ለሠርጉ ወይም ለልጁ ክርስትና ብሎ ነው። ሥራው እስኪያልቅ ስንጠብቅ ግን ወሬያችን ዞሮ ዞሮ ወደ ድሮ ማስታወቂያ ይሄዳል። አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ሦስተኛው ይጨርሳል። ጥያቄዎቹ ስለሚመሳሰሉ አንድ ላይ ሰብስቤ መለስኳቸው። የፈረንጆቹን ዓመት "እ.ኤ.አ." እያልኩ ለይቻለሁ፤ የቀረው በእኛው አቆጣጠር ነው።

"ማስኮት" ምንድን ነው? በአማርኛስ ምን እንበለው?

አንድን ዕቃ ወክሎ የሚታይ፣ ስምና ጠባይ ያለው ፍጡር ነው። እንስሳ ሊሆን ይችላል። ሰው ሊሆን ይችላል። እጅና እግር ያወጣ ጎማም ሊሆን ይችላል፤ የሚሽሊን ጎማ ነጩ፣ ድርብርቡ ሰውዬ እ.ኤ.አ. ከ1898 ጀምሮ አለ። ልጆች "ካርቱኑ" ይሉታል፤ እኔም እንደነሱ እላለሁ። "የንግድ ምልክት" ብንለው አይበቃውም። የንግድ ምልክት ተለጥፎ ይቀራል። ካርቱኑ ግን ያወራል፣ ይሮጣል፣ ይሸነፋል፣ በማግሥቱ ተመልሶ ይመጣል።

"የድሮ ማስታወቂያ" ስንል ከየትኛው ዘመን ነው የምንጀምረው?

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም ነው። በቀለም ማሳየት የጀመረው ደግሞ አሥረኛው የአብዮት በዓል ሲከበር ነው። በደርግ ጊዜ ትልልቁ ፋብሪካ ሁሉ የመንግሥት ስለነበር የሚፎካከር አልነበረም፤ ፉክክር ከሌለ ደግሞ ማስታወቂያ አይበዛም። ከ1983 ዓ.ም በኋላ ንግዱ ሲከፈት ማስታወቂያውም አብሮ ጎረፈ። ስለዚህ ጎንደር ላይ ሰው "የድሮ ማስታወቂያ" ሲል አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ከ1980ዎቹ አጋማሽ እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ስላለው ነው። ዲሽ ጣሪያውን ሳይሞላው በፊት፣ ቴሌቪዥን ማለት ኢቲቪ ብቻ የነበረበት ጊዜ።

እኔ ያኔ እዚሁ ጎንደር፣ አራዳ አካባቢ ልጅ ነበርኩ። ግቢያችን ውስጥ ቴሌቪዥን የነበራቸው አንዲት እትዬ ብቻ ናቸው። ቴሌቪዥኑ ቡፌ ላይ ተቀምጦ ነጭ ዳንቴል ይለብሳል። ዳንቴሉን የሚያነሡት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ አጥፈው ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጡታል። አንድ ልጅ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንቴናውን ይዟል። "አሁንስ?" ይላል ከላይ። "አይ፣ ትንሽ ወደ ግራ!" እንላለን ከታች። ሥዕሉ ጥርት የሚለው ብዙ ጊዜ ማስታወቂያው ላይ ነበር፤ ከ2 ሰዓት ዜና በፊት ማለት ነው። ለዚህ ይመስለኛል ዜናውን ረስተን ማስታወቂያውን የያዝነው።

እኛ አገር እንደ ፈረንጆቹ የካርቱን ማስኮት ነበረን?

በቴሌቪዥን ላይ የሚንቀሳቀስ፣ ለዓመታት አንድ ዕቃ ይዞ የኖረ ካርቱን በልጅነቴ አላየሁም። የእኛ ማስታወቂያ ሰው ነበር። ኮሜዲያን፣ ዘፋኝ፣ ከጎረቤቷ ጋር ስለ ሳሙና የምትከራከር እመቤት፣ አዲስ ልብስ ለብሶ መንገድ የሚሻገር ጎረምሳ።

ሥዕል ግን ነበረን። ዕቃው ላይ ተለጥፎ ዝም ያለ ሥዕል። ፒያሳ ያሉ ሊስትሮዎች ሣጥን ውስጥ ያለው የኪዊ ቀለም ቆርቆሮ ትዝ ይበላችሁ። ክብ ነው፣ መክፈቻዋ በጎን በኩል እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ትዞራለች፣ ክዳኑ ላይ ረጅም አፍ ያላት ክንፍ አልባ የምትመስል ወፍ አለች። ዶሮ ነች፣ አይደለችም እያልን ስንት ጊዜ ተከራክረናል። ወፏ የኒውዚላንድ ናት። ቀለሙ እ.ኤ.አ. በ1906 አውስትራሊያ ውስጥ ሲወጣ በእሷ ስም የተጠራው የባለቤቱ ሚስት ኒውዚላንዳዊት ስለነበሩ ነው። የቢክ እስክሪብቶ ላይ ያለው ልጅም አለ፤ ራሱ ድቡልቡል፣ እስክሪብቶውን ከጀርባው የያዘ። ያ ድቡልቡል ራስ የእስክሪብቶው ጫፍ ላይ ያለችው ኳስ ናት። ይህን ያወቅሁት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው፣ ደስታዬም ትልቅ ነበር። የነብር ራስ የታተመበት የራዲዮ ባትሪም ነበር። ኒያላ ሲጋራ ላይ ደግሞ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘው ኒያላ ቆሟል።

ከተረት የመጡ ገጸ ባሕርያትም ሞልተውን ነበር። አያ ጅቦ አለ። እመት ጦጢት አለች። አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን "የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች" እያሉ እነዚህን እንስሳት ድምፃቸውን እየቀያየሩ አሳይተውናል። ጅቡም ጦጣዋም ግን የሚሸጡት ነገር አልነበረም። እኔ ይህን እንደ ጉድለት አላየውም። አያ ጅቦ እስከ ዛሬ የሁላችንም የሆነው የማንም ድርጅት ስላልሆነ ነው።

ታዲያ እንደ ካርቱን በአእምሯችን የቀረው ምንድን ነው?

ቃሉ ነው። ቤት የሚመታው ቃል።

ይህን ያረጋገጥኩት ከአንድ ካሴት ነው። አንዲት እማማ የልጃቸውን ሠርግ ይዘው መጡ። ሠርጉ አንድ ሰዓት ከምናምን ሄዶ ሙሽሮቹ ኬክ እየቆረሱ ሳለ ተቋረጠ። ስክሪኑ ላይ ትንሽ በረዶ፣ ማለትም ሥዕል አልባ ነጠብጣብ፣ ታየ። ከዚያ ከሥር የነበረው አሮጌ ቅጂ ብቅ አለ፤ የበዓል ዋዜማ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ነበር። ሠርጉ የተቀዳው በእሱ ላይ ነው ማለት ነው፤ ያልተነካው ጭራው ቀርቷል። የመጀመሪያው ነገር ማስታወቂያ ነበር። እማማ ሠርጉን ሲያዩ ዝም ብለው ነበር የቆዩት። ማስታወቂያው ሲጀምር ግን ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ቃሉን ከተናጋሪው ቀድመው አሉት። አንዲት ፊደል አልሳቱም። ሥዕሉን ግን አላስታወሱትም። "እንዲህ ያለ ሰውዬ ነበረበት እንዴ?" አሉኝ።

አሜሪካዊ ቢሆን ካርቱኑን ያስታውስ ነበር። ጎንደሬ ቃሉን ያዘ። ይህ የሚያስገርም አይመስለኝም። ያደግነው አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ "ተቀበል!" በሚባልበት አገር ነው። ላሊበላ ገና ሳይነጋ ደጃፍ ቆሞ የቤቱን አባወራ ስም ግጥም ውስጥ ያስገባል። ድሮ አዋጅ ሲነገር ነጋሪት ተመትቶ "ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ" ይባል ነበር። ይህች አረፍተ ነገር ራሷ ፍጹም የሆነች ማስታወቂያ ናት፤ ሰሚውን አስተላላፊ ታደርገዋለች። ከዚያ ደግሞ ሞንታርቦ የጫነ ፒክአፕ መጣ። ቴሌቪዥኑ የመጣው ለግጥም በሠለጠነ ጆሮ ላይ ነው።

እኛም ልጆች ሆነን የራሳችንን እንሠራ ነበር። ለዚያች ቴሌቪዥን ላላቸው እትዬ፣ ቆሎ ይሸጡ ስለነበር፣ ይቺን አወጣንላቸው፦

ቆሎ በእትዬ ቤት፣ ሽምብራ፣ ስንዴ፣ ሱፍ፤
ስሙኒ ይዞ መጥቶ፣ ባዶ እጁን ማን ያልፍ!

በር ላይ ቆመን በማስታወቂያ ተናጋሪ ድምፅ፣ በአዲስ አበባ አነጋገር፣ አፍንጫችንን ይዘን ነበር የምንላት። ክፍያችን አንድ አንድ እፍኝ ነበር።

የሚያወራው ነብርና እህሉን የሚነጠቀው ጥንቸልስ? ልጅ ሆኜ ዲሽ ላይ አይቻቸዋለሁ።

ሁለቱም የአሜሪካ የቁርስ እህል ካርቱኖች ናቸው። ቁርሳቸው ከሣጥን ተቀድቶ በወተት የሚበላ የበቆሎ ወይም የስንዴ ቅርፊት ነው። ሁሉም ሣጥን ውስጡ ይመሳሰላል። ልዩነቱን የሚያመጣው ሣጥኑ ላይ ያለው ፊት ነው።

ነብሩ ቶኒ ይባላል፤ የኬሎግስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1952 ተወለደ። መጀመሪያ ብቻውን አልነበረም። ካንጋሮ፣ ዝሆንና ኑ የሚባለው የአፍሪካ ሜዳ እንስሳ አብረውት ለውድድር ቀርበው ነበር። ሰው ነብሩን መረጠ። ያ ከደረት የሚወጣ ድምፁ ቱርል ራቨንስክሮፍት የሚባል ዘፋኝ ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ2005 እስኪሞት ድረስ ከ50 ዓመት በላይ ነብሩን ሆኖ ተናገረ። አንድ ሰው፣ አንድ ድምፅ፣ ግማሽ ምዕተ ዓመት። አባባ ተስፋዬን ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ጥንቸሉ የትሪክስ ነው፤ በቴሌቪዥን የታየው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ታሪኩ ሁሌ አንድ ነው። እህሉን ለማግኘት ዘዴ ይፈጥራል፣ ልብስ ይቀይራል፣ ሊበላ ሲል ልጆቹ ይነቁበትና ይነጥቁታል፤ የልጆች ነው ይሉታል። ብዙ ልጆች አዘኑለት። እ.ኤ.አ. በ1976 ኩባንያው ልጆች በፖስታ ድምፅ እንዲሰጡ ጠየቀ፦ ጥንቸሉ ይብላ ወይስ አይብላ? ልጆቹ ይብላ አሉ። በላም። በኋላ ግን ወደ ድሮው ረሃቡ መለሱት። እኔ ይህን ማስታወቂያ በዓረብኛ ዲሽ ነው ያየሁት፤ ቃሉ አልገባኝም፣ ለጥንቸሉ ግን አዝኛለሁ። የካርቱን ኃይሉ እዚህ ላይ ነው፤ አስተርጓሚ አይፈልግም። የእኛ ግጥም ግን ከአማርኛ ከወጣ ይሞታል።

የመጀመሪያው የቴሌቪዥን ማስታወቂያ የት ታየ?

ኒውዮርክ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 1941። የቡሎቫ የእጅ ሰዓት ማስታወቂያ ነው። ከቤዝቦል ጨዋታ በፊት ለ10 ሰከንድ ያህል ታየ፤ ክፍያው 10 ዶላር እንኳ አይሞላም ነበር። ካርቱን የለበትም። የአሜሪካ ካርታና የሰዓት መልክ ብቻ።

ጣሊያኖች ማስታወቂያ ሲያልቅ ነው ልጅ የሚያስተኙት የሚባለው እውነት ነው?

ነበር። ካሮዜሎ የሚባል የማታ ፕሮግራም ከየካቲት 1957 እስከ ጥር 1 ቀን 1977 እ.ኤ.አ. በጣሊያን ቴሌቪዥን ቆየ። ማስታወቂያ ብቻ ነው፤ ግን ሕግ ነበረው። እያንዳንዱ ማስታወቂያ መጀመሪያ ጨዋታ ወይም ተረት ማሳየት አለበት፤ የዕቃው ስም የሚጠራው መጨረሻ ላይ ነው። ወላጆች "ከካሮዜሎ በኋላ ወደ አልጋ" ይሉ ነበር። ለእኛ ይህ ሐሳብ ቅርብ ነው፤ እሳት ዳር ተረት ሰምቶ መተኛት እናውቃለንና።

ከዚያ ከወጡት አንዱ ካሊሜሮ ነው። ትንሽ ጥቁር ጫጩት፣ ራሱ ላይ የእንቁላል ቅርፊት የደፋ፤ እ.ኤ.አ. በ1963 ለአንድ የልብስ ሳሙና ተሠራ። ጥቁር ስለሆነ ሁሉም ይገፋዋል። መጨረሻ ላይ በሳሙናው ይታጠብና ነጭ ይሆናል፤ ጥቁር አይደለህም፣ ቆሽሸህ ነው ይባላል። ጣሊያኖች በፍቅር ያስታውሱታል። እኔ ግን ማስታወቂያውን ሳየው ልቤ ቅር ብሎታል። ጣሊያን የሠራውን የፒያሳ ፖስታ ቤት እያየሁ ነው ያደግሁት፤ የእነሱ ልጆች በእነዚያ ዓመታት ምን እያዩ ይተኙ እንደነበር ማወቁ ቀላል ስሜት አይደለም። ጫጩቱ ራሱ ያሳዝናል፤ ልብ ይነካል። መልእክቱ ግን ልክ አልነበረም። ትዝታ ስላለን ብቻ ሁሉንም መሳም የለብንም።

እኛ ጋ ካርቱን ማስታወቂያ ለምን አልተሠራም?

ወጪውን አስቡት። ፊልም በሰከንድ 24 ሥዕል ያልፋል። 30 ሰከንድ ማስታወቂያ 720 ሥዕል ነው። ቆጣቢዎቹ አንዱን ሥዕል ሁለት ሁለት ጊዜ ያነሡታል፤ ያም ቢሆን 360 ይቀራል። ያኔ ኮምፒውተር አልነበረም። እያንዳንዱ በእጅ ተሥሎ፣ ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ላይ ተገልብጦ፣ በጀርባው ቀለም ተቀብቶ፣ አንድ በአንድ ይነሣል። ለዚህ የሠለጠነ ሰው፣ ቀለም፣ ካሜራና ወራት ያስፈልጋል። አንድ ኮሜዲያን ግን በአንድ ቀን ቀረጻ ይጨርሳል፣ ሰውም ያውቀዋል።

የሥዕል ችሎታ ስላጣን አይደለም። እዚሁ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ወደ ጣሪያው ሥዕል ቀና ያለ ሰው ያንን አይልም።

ለምንድን ነው ማስታወቂያ ከትምህርት በላይ የሚታወሰን?

ስለተደጋገመ ነው፣ ሳንታገለውም ስለሰማነው። ሮበርት ዛዮንስ የሚባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1968 እንዳሳዩት፣ ሰው አንድን ነገር ደጋግሞ ስላየው ብቻ እየወደደው ይሄዳል። ምክንያት አያስፈልገውም። በአንድ ጣቢያ ዘመን ደግሞ ማምለጫ አልነበረም። የሚቀየር ቻናል የለም። መላው ግቢ፣ መላው ከተማ፣ በአንድ ደቂቃ አንድ ቃል ይሰማል።

ሌላው ዕድሜ ነው። ሰው ሸምግሎ ወደ ኋላ ሲያይ ከሁሉ አብልጦ የሚያስታውሰው ከ10 እስከ 30 ዓመቱ ያለውን ነው። ይህ በብዙ ጥናት የታየ ነገር ነው። ስለዚህ የ45 ዓመቱ ሰው የ1980ዎቹን ሳሙና ሲያነሣ የዘንድሮውን ባንክ ግን አይለየውም።

ፈረንጆች ለዚህ ስሜት "ኖስታልጂያ" ይላሉ። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1688 የፈጠረው ዮሐንስ ሆፈር የሚባል የስዊስ የሕክምና ተማሪ ነው። ከግሪክ "መመለስ" እና "ሕመም" ከሚሉት ገጠመው። ከአገራቸው የራቁ ሰዎች የሚታመሙት በሽታ ነበር በእሱ ዘንድ። እኛ ግን ትዝታ እንላለን፤ በሽታ ሳይሆን ቅኝት ነው። በማሲንቆ ይቃኛል። ሰው ሆን ብሎ፣ ገንዘብ ከፍሎ፣ ተቀምጦ ይሰማዋል። በእኔ እምነት የእኛ ቃል ይሻላል፤ ያመማል ግን ያጫውታል።

በዚያ ላይ የቤቱ ሁኔታ አለ። የኮንዶም ማስታወቂያ ሲመጣ ቤቱ ሁሉ የሚሆነውን ታስታውሳላችሁ? አንዱ ያስላል። አንዱ ውኃ ያምጡልኝ ይላል። ጋሼ ጋዜጣቸውን ያነሣሉ። ልጆች ምንም ሳይገባን ዝም እንላለን። በዚያ ክፉ የኤች አይ ቪ ዘመን ያ ማስታወቂያ የስንቱን ሕይወት እንዳዳነ ያወቅሁት በኋላ ነው።

ካርቱን ማስታወቂያ ልጆችን አይጎዳም ነበር?

ጎድቷል። ይህን ሳልሸፍን መናገር እፈልጋለሁ።

አሜሪካ ውስጥ ጆ ካሜል የሚባል ሲጋራ የሚያጨስ ግመል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ ጥናት የ6 ዓመት ልጆችን ጠየቀ፤ ከ10ሩ 9ኙ ግመሉን ከሲጋራው ጋር አዛመዱት። ሚኪ ማውስን የሚያውቁትን ያህል ያውቁታል ማለት ነው። ግመሉ የተወገደው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፍሊንትስቶንስ የሚባሉት የድንጋይ ዘመን ካርቱኖች ዊንስተን ሲጋራ ያስተዋውቁ ነበር፤ ፕሮግራሙን የሚደግፈው ድርጅቱ ስለነበር።

ትንሽ ልጅ፣ በተለይ ከ8 ዓመት በታች ያለ፣ ማስታወቂያ ሊሸጥለት እንደሚፈልግ አይለይም። ጓደኛው የመከረው ይመስለዋል። ስዊድን ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የታለመ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ከከለከለች ከ30 ዓመት በላይ ሆኗታል። ቺሊ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ስኳር የበዛበት ምግብ ሣጥን ላይ ካርቱን እንዳይኖር አድርጋለች፤ ያ ቶኒ ነብሩም እዚያ አገር ከሣጥኑ ወርዷል።

ስለ ዓይን አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ወግ ቅዱሳን ሙሉ ፊታቸው ይታያል፣ በሁለት ዓይናቸው ያዩናል። ክፉው በጎን ይሣላል፤ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው። የሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉት መላእክትም ሙሉ ፊታቸው ወደ እኛ ነው። ከዚያ ጣሪያ ሥር ያደገ ልጅ ፊት ለፊት የሚያየውን ማመን ለምዷል። ካርቱኖቹም አብዛኞቹ ፊት ለፊት ያያሉ፣ ዓይናቸው ትልልቅ ነው። ነብሩን መጀመሪያ ሳየው ለምን እንዳመንኩት አሁን ይገባኛል። ስለዚህ ከልጆቻችሁ ጋር ስታዩ አንዲት ጥያቄ ጠይቋቸው፤ "ይሄ ነብር ምን ፈልጎ ነው?" በሏቸው።

የቢራ ማስታወቂያዎቹ የት ጠፉ?

በሕግ ከቴሌቪዥንና ከራዲዮ ወረዱ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው ያወረዳቸው። በእነሱ ውስጥ ብዙ ተራራ፣ ብዙ እስክስታ፣ ብዙ የጎንደር ፀሐይ ነበር። ሥዕላቸው ያምራል። ልጆች ከሚያዩት ቴሌቪዥን መውረዳቸው ግን ተገቢ ነው እላለሁ።

ዛሬ የራሳችን የምንለው ማስኮት አለ?

ዋልያ። ብሔራዊ ቡድናችን "ዋልያዎቹ" ሲባል ሰሜን ተራሮች ላይ ያለው ያ ቀንዱ ወደ ኋላ የታጠፈ እንስሳ ነው። ከጎንደር ወደ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሄዱ ፓርኩ በር ላይ ናችሁ። ዋልያ የሚኖረው እዚያ ብቻ ነው። ስሙ ቢራ ላይም ወጥቷል። ካርቱን ሆኖ፣ ድምፅና ጠባይ ተሰጥቶት፣ ልጆች ስለ ተራራውና ስለ አፈሩ ሲያወራ ቢሰሙት ደስ ይለኛል። የምትሥሉ ወጣቶች ይህን አስቡበት።

የድሮ ማስታወቂያ ጎንደር ውስጥ የት አገኛለሁ?

ቡፌያችሁ ውስጥ። ወይም የአክስታችሁ ቡፌ ውስጥ።

ሰው ማስታወቂያ ብሎ አልቀዳም። የቀዳው የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ፕሮግራም ነው፣ የእግር ኳስ ጨዋታ ነው፣ ድራማ ነው። ማስታወቂያው በመሐል ገብቶ ቀረ። ስለዚህ ካሴቱ ላይ "ዘመን መለወጫ" ወይም "በዓል" የሚል ካያችሁ አትጣሉት። ሠርግም ቢሆን እስከ መጨረሻው አስኪዱት፤ ከበረዶው በኋላ የሚመጣውን ጠብቁ። ኢንተርኔት ላይ ሰዎች የጫኗቸውም አሉ፤ ብዙዎቹ ግን ከእንዲህ ዓይነት ካሴት የተገለበጡ ናቸው።

ካሴቱን ለማዳን ምን ላድርግ?

መጀመሪያ አታጫውቱት። ሽታውን አሽትቱ፣ በመስኮቷ በኩል ጥቅሉን እዩ። ነጭ ብናኝ ካለ ሻጋታ ነው፤ ማጫወቻው ውስጥ ከገባ ቴፑንም ማሽኑንም ያበላሻል፣ ቀጥሎ የሚገባውን ካሴትም ይበክላል። ክረምት ላይ የጎንደር እርጥበት ቀላል አይደለም፤ የጭቃ ግድግዳ ቤት መሬት ላይ የተቀመጠ ካሴት ብዙ ጊዜ ይሻግታል።

ከጀርባው ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ ስበሩ። እሷ ከሌለች ማሽኑ በላዩ ላይ አይቀዳም። ይህችን ባለማወቅ ስንት ነገር ጠፍቷል። እኔ ራሴ ወጣት ሳለሁ የቤተሰባችንን ካሴት ለማስገልበጥ ለአንድ ቤት ሰጥቼ ባዶ ሆኖ ተመልሶልኛል፤ የአያቴ ድምፅ የነበረበት እሱ ብቻ ነበር። አሁን ሰው ካሴት ሲያመጣልኝ መጀመሪያ የማደርገው ያቺን ጥርስ ፊቱ መስበር ነው።

መልሳችሁ ስታስቀምጡ እንደ መጽሐፍ አቁሙት፣ አታስተኙት፤ ከፀሐይና ከድምፅ ማጉያ አርቁት፣ ድምፅ ማጉያ ማግኔት አለውና። ለመገልበጥ የሚሠራ ማጫወቻ፣ ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ጫፍ ያለው ገመድ፣ ወደ ኮምፒውተር የሚሰካ ትንሽ መቅረጫ ይበቃል። መቅረጫው ላይ "ፓል" የሚለውን ምረጡ፤ የእኛ አገር ቴሌቪዥን የቀዳው በእሱ ነው፣ በሰከንድ 25 ሥዕል። ሌላውን ከመረጣችሁ ቀለሙ ይጠፋል ወይም ሥዕሉ ይሮጣል።

አትዘግዩ። ቪኤችኤስ የሚባለውን የዚህን ካሴት ማጫወቻ የሚሠራው የመጨረሻው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 አቁሟል። ጎንደር ላይ የቀሩት ማሽኖች አንዱ ሲሞት ለሌላው መለዋወጫ እየሆኑ ነው።

ያገኘሁትን ኢንተርኔት ላይ ብጭነው ችግር አለው?

ማስታወቂያ የቅጂ መብት አለው፤ የሠራው ድርጅትና የተጫወቱት ሰዎች መብት በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ነው። ለራሳችሁ ብላችሁ ገልብጣችሁ ማስቀመጥና ለሕዝብ መልቀቅ አንድ አይደለም። ገንዘብ ልታገኙበት ካሰባችሁ ባለቤቱን ጠይቁ። ቤት ውስጥ የተቀዳ ሰው ካለበትም ቤተሰቡን አስፈቅዱ።

ካሴት የለኝም። ማስታወቂያዎቹን ግን በቃሌ አውቃቸዋለሁ። ይጠቅማል?

ከካሴት በላይ ይጠቅማል። ካሴቱ ማስታወቂያውን ብቻ ነው የያዘው። እናንተ ግን ጎንደር ላይ እንዴት እንደተሰማ፣ የትኛው ቃል እንደተቀየረ፣ ልጆች ምን እንደጨመሩበት ይዛችኋል።

ቡና ሲፈላ ስልካችሁን ረከቦቱ አጠገብ አድርጉ። ከትልልቆቹ ጀምሩ። "የድሮ ማስታወቂያ ንገሩኝ" አትበሉ፤ እንዲህ ሲባል ሰው ይጠፋበታል። የመጀመሪያውን ቃል እናንተ በሉትና ዝም በሉ። እነሱ ይጨርሱታል። ሲሳሳቱ አታርሟቸው። የማን ቤት ያዩት እንደነበር፣ ማን ማን እንደነበረ ጠይቁ። ቀኑን ፋይሉ ላይ ጻፉ።

የእናቴን ባለፈው የፋሲካ ሰሞን ቀድቻለሁ። የሳሙናውን ጀምራ በጫማው ጨረሰችው፤ ቤት ስለሚመታ አላወቀችም። 47 ሰከንድ ነው። መጨረሻ ላይ ስትስቅ ይሰማል፤ ከዚያ ሲኒ ሲቀመጥ፣ ከዚያ "ሁለተኛው ደርሷል፣ ስጪያቸው" ትላለች ለእህቴ።